የድንበሩ ድንጋይ የት ገባ

ከሸኮ ከተማ ወጣ ብሎ የበየነችን ቤት ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። ድንጋይ የበዛበት ግቢ የእሷ ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ ድንጋይ፣ ከእንሰቱ ሥር ድንጋይ፤ ዶሮዎቿም እንቁላል የሚጥሉት በድንጋይ መካከል ነው። ባጃጅ ነጂዎች «የድንጋዩ ግቢ» ካሏቸው ሳይሳሳቱ ያደርሳሉ። እሷ ግን «ድንጋይ አይደለም፣ ወፍጮ ነው» ትላለች። ልዩነቱ ያልገባው ሰው ካለ እስኪገባው ድረስ አስቀምጣ ታስረዳዋለች፤ ስለዚህ ብልህ የሆነ «አዎ፣ ወፍጮ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

በየነች ወፍጮ ትወቅራለች። ታችኛውን ሰፊ ድንጋይና ላይኛውን መጅ ከወንዝ ዳር መርጣ፣ አስተካክላ ትሸጣለች። በመፍጨት ብዛት የለሰለሰውንም ቤት ለቤት እየዞረች በብረት መውቀሪያዋ እየደበደበች እንደገና ጥርስ ታወጣለታለች። የኤሌክትሪክ ወፍጮ በየከተማው ሲገባ ሥራዋ ያበቃለት የመሰላቸው ነበሩ። አላበቃም። እህሉን ወፍጮ ቤት ወሰደው እንጂ ዳጣውን ማን ይወስደዋል? የሚዛን ተፈሪ ሥጋ ቤቶች ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርትና ከኮረሪማ ጋር በድንጋይ ላይ ካልፈጩት ደንበኛው ያኮርፋል። በየነችም ይህን ስለምታውቅ ትኮራለች፤ ኩራቷን ደግሞ ለመደበቅ ሞክራ አታውቅም።

ድምጿ ከመውቀሪያዋ ይበልጣል ይባላል። እሁድ እሁድ በመዘምራን ፊት ቆማ መዝሙር የምታነሳው እሷ ናት። ማይክራፎን ሲያቀብሏት ኋላ ወንበር ላይ ያሉት ይሳሳቃሉ፤ አያስፈልጋትምና።

ድንጋይ የምትመርጠው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው። ጎንበስ ትልና በመውቀሪያዋ ኳ ታደርገዋለች። «ጤነኛ ድንጋይ ይጮሃል፣ የታመመ ድንጋይ ያስላል» ትላለች። የሚጮኸውን አሸክማ ትመጣለች፤ የሚያስለው እዚያው ይቀራል። ድንጋይ ደግሞ ይታመማል እንዴ ብሎ የሚስቅባት አይጠፋም። «ድንጋይ ምን ሊሆን! ከፈጣሪ ቀጥሎ የማይለወጥ እሱ አይደል?» ይሏታል። እሷም ለሳቂ ጊዜ የላትም። እንግዲህ ከነዚያ ሳቂዎች መካከል አንዱ ሟች ባሏ ኢዮሲያስ ነበር፤ ነገሩም የሚጀምረው ከእሱ ነው።

በሙሽርነቷ ጊዜ ኢዮሲያስ መሬቱን ዞሮ ሲያሳያት ከላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አየች። ድንበር ነበር። ከዚያ ድንጋይ ተነስቶ ቁልቁል ወንዙ ዳር እስከቆመችው ዋንዛ ድረስ የሚሄደው መስመር የእነሱን መሬት ከጎረቤታቸው ይለያል። ያን መስመር የሁለቱ ቤት አባቶች ተስማምተው ያቆሙት ነውና አንድም ቀን ተጨቃጭቀውበት አያውቁም። በየነች ግን ድንበርነቱ አልታያትም፤ ወፍጮነቱ ነው የታያት። ከመሬት ጠጠር አንስታ ኳ ስታደርገው አሳለ። «ይሄ ድንጋይ በሽተኛ ነው» አለችው። ኢዮሲያስ ከት ብሎ ሳቀና «ድንበር ይጠብቅ እንጂ ዳጣ አይፈጭ፣ ምን አስጨነቀሽ?» አላት። ሁለቱም ረሱት። በኋላ ከድንበሩ ወዲህ አንድ ረድፍ ቡና አብረው ተከሉ። ቡናው አድጎ ማፍራት ሲጀምር ኢዮሲያስ ታመመና አረፈ። ከዚያ ወዲህ ያ ረድፍ ለበየነች ቡና ብቻ አልነበረም።

ጎረቤታቸው ሽማግሌም በተራቸው ሞቱ። ልጃቸው ባስልኤል ከወጣትነቱ ጀምሮ ቴፒ የቡና እርሻ ላይ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ሚስቱን ይዞ አባቱ መሬት ላይ ተመለሰ። መጥፎ ሰው አይደለም። ችኩል ነው እንጂ መጥፎ አይደለም። በተመለሰ በዓመቱ መሬት ለኪዎች ሊመጡ ነው ተባለና ሁሉም ድንበሩን አሳምሮ እንዲጠብቅ ተነገረ። ባስልኤልም የልጅነት ድንጋዩን ፍለጋ ወደ ላይኛው ጫፍ ወጣ። አሁንም በዓይኑ ላይ ነው፤ ያኔ ደረቱ ድረስ ይመጣ ነበር፣ እሱና የሰፈሩ ልጆች ከላዩ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ያወዛውዙ ነበር። ሲደርስ ግን ቡና፣ ሣርና የረገፈ ቅጠል ብቻ ጠበቀው።

ወርዶ በየነችን ጠራት። «እትዬ በየነች፣ ድንጋዩ የት ገባ?»

«የቱ ድንጋይ?»

«የድንበሩ ነዋ!»

አብራው ወጣች። ቅጠሉን በእግሯ ገለጠች፣ ሣሩን ዳበሰች። ድንጋይ የለም። ስንት ዓመት በዚያ ስታልፍ ልብ ብላ አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ያለ ነገር አይታይም። በየነች በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት። ዝም አለች። ባስልኤልም ያን ዝምታ እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። ዓይኑን ቁልቁል ላከ፤ ከታች ደግሞ በድንጋይ የተሞላው ግቢዋ ይታያል። ሌላ ማስረጃ ምን ያደርግለታል?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ወሬው ሸኮን ሁለቴ ዞሮ ነው እሷ ዘንድ የደረሰው። በየነች የድንበር ድንጋይ ነቅላ ወፍጮ አድርጋ ሸጠች። የሰው መሬት ገፍታ ቡና ተከለችበት፤ ባስልኤልም ያ ረድፍ ይመለስልኝ ይላል። ዶሮ መስረቅ አንድ ነገር ነው፤ ድንበር መንቀል ግን በዚያ አገር እስከ ልጅ ልጅ የሚከተል እርግማን ነው። አንዲት የድሮ ደንበኛዋ እንኳ መጇን እያገላበጠች «ይሄኛውን ከየት ነው ያመጣሽው?» ብላ ጠየቀቻት። በየነች መውቀሪያዋን አንስታ ሄደች።

እሱንም ቻለችው። ያልቻለችው የእሁዱን ነው። የመዘምራኑ አስተባባሪ ከበር ላይ ጠበቃትና ዓይኗን ሳያይ «እህት በየነች፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ መዝሙር ማንሳቱን ለሌላ ብትተዪው» አላት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሌላዋ ዘማሪ በማይክራፎን ስትዘምር በየነች አፏን አልከፈተችም። ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ተናዳም፣ አዝናም፣ ሁለቱን ቀላቅላ አለቀሰች።

የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ሙሴ ሊያስታርቁ መጡ። እሳቸው ሰላም ከሆነ ማር ባይኖርም ይጣፍጣል ባይ ናቸው። «አንድ ረድፍ ቡና ነው» አሏት። «ስጪውና ነገሩ ይብረድ። ነገ የሚቀብርሽ ጎረቤት ነው።»

«ጋሼ ሙሴ፣ ቡናውማ ቡና ነው፣ ይውሰደው። ግን ቡናውን ስሰጠው ሰርቄ ነበር ማለቴ ነው። ስሜንስ ማን መልሶ ይተክልልኛል?»

አቶ ሙሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩ። በመጨረሻ ለኪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ሽማግሌዎቹ እዚያው ድንበሩ ላይ ተቀምጠው እንዲፈርዱ ቀን ቆረጡ። «ድንጋዩ የት እንደገባ ግን የምትነግሪን አንቺ ነሽ» ብለዋት ሄዱ።

ሥራ አይቀርምና በማግስቱ ሚዛን ተፈሪ ሄዳ የአንድ ሥጋ ቤት ወፍጮ ወቀረች። ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው አሰጋሽ ናት፤ ቅመም ነጋዴ፣ ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው እዚያው የወለዷት፣ ምላሷ ከምትሸጠው ሚጥሚጣ የማይተናነስ። «ድንጋይ ሌባዋ፣ እንደምን ከረምሽ?» አለቻት። ከማንም ቢመጣ የሚያስቆጣ ቃል ከአሰጋሽ ሲመጣ ያስቃል። በየነች ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

ገና ሸኮ ሳይደርሱ ጎማ ፈነዳ። ሁሉም ወረደ። የቆሙት መንገዱ ሲሠራ ኮረብታው ተቆርሶ ግድግዳ የሆነበት ቦታ ላይ ነው። ሾፌሩ ጎማውን ሲታገል በየነች ያንን የተቆረሰ ግድግዳ ማየት ጀመረች። ላይ ላዩ ያው የምታውቀው ቀይ አፈር ነው፤ የዛፍ ሥር ተሰካክቶበታል። ዝቅ ሲል አፈሩ ወደ ቢጫነት ይሄዳል። ከዚያ ውስጥ ድቡልቡል ነገሮች እዚህም እዚያም ጎልተው ይታያሉ። አንዱን በጣቷ ነካችው። ልጡ ተነሳ። ሌላ ልጥ ከሥሩ አለ፤ እሱም ተነሳ። ልክ እንደ ሽንኩርት። በመዳፏ ስታሸው አፈር ሆነ።

ከዘንቢሏ መውቀሪያዋን አወጣች። ላጠች፣ ላጠች፣ ላጠች። በመጨረሻ ከመሀል ጥቁር የሆነ ነገር ብቅ አለ። ኳ አደረገችው።

ጮኸ።

«አለ!» ብላ በዚያ ድምጿ ጮኸች። «ልቡ አለ!»

ተሳፋሪው ተበተነ። «እባብ ነው? እባብ ነው?» አለ ሾፌሩ ጎማውን ጥሎ።

«ምን እባብ! ድንጋይ ነው! አሰጋሽ፣ ነይ እዪ። ይሄ ሁሉ ድንጋይ ነበር። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ ሥሩ እየገባ ይሰነጥቀዋል፣ ፀሐዩ ያግለዋል፣ ጭጋጉ ያቀዘቅዘዋል። ከላይ ከላይ እየተላጠ አፈር ይሆናል። የሚበሰብሰው ከውጭ ነው። ልቡ መጨረሻ ነው የሚሞተው!»

አሰጋሽ ከአፈሩ ቆንጥራ አየችው። «ታዲያ እኛ ቡና የምንተክለው በድንጋይ ሬሳ ላይ ነው በይኛ።»

«አዎ! አዎ! ሬሳው ሳይሆን ልጁ ነው እንጂ» አለች በየነች። የምትለውን በቅጡ አታውቅም፤ ደስታው ቀድሟታል። ግን ሚኒባሱ እንደገና ሲነሳ አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ይሄ ኮረብታ እንዲህ እስኪሆን ስንት ትውልድ ፈጅቷል፤ የእሷ ድንጋይ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ነው የጠፋው። በሽተኛ መሆኑንስ እሺ፣ በሽተኛን ምን አፋጠነው? ሸኮ እስኪገቡ አሰበች። ከመኪናው ስትወርድ አንዲት ሴት ከመንገድ ዳር በቆሎ በእሳት ትጠብሳለች። በየነች ቆመች። በቆሎውን አየች፣ እሳቱን አየች። ከዚያ ፈገግ አለች፤ የተጠበሰ በቆሎም ገዝታ እየበላች ወደ ቤቷ ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። ያን ያህል ቀን ዝም ማለቷ ለሚያውቋት ሁሉ ተአምር ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ሽማግሌዎቹ ቡናው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሰፈሩም ተቀመጠ፤ ያልተጠራ ማን ቀርቶ! አሰጋሽ ሳትቀር ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ባስልኤል ዶማና ዲጂኖ ይዞ ቆሟል።

«ድንጋዩ የት ነበር ትያለሽ?» አሉ አቶ ሙሴ።

በየነች ሄደችና ከቡናው ረድፍ አልፋ፣ በሙሽርነቷ ኢዮሲያስ ድንጋዩን ያሳያት ቦታ ላይ ቆመች። «እዚህ ነበር። አሁንም እዚህ ነው።»

ሰዉ ጉምጉም አለ። ባስልኤል ዶማውን አንስቶ እሷ በቆመችበት መቆፈር ጀመረ። ጉልበተኛ ነው፤ አፈሩም አልተቸገረም፣ እየተፈረፈረ ይወጣል። ጉልበቱ ድረስ ቆፍሮ ቀና አለ። «ይኸው! አፈር ነው። ድንጋይ የት አለ?» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ሙሴ ተነፈሱ። ባስልኤል ዶማውን ጣለው።

«ባስልኤል፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች በየነች። «ልጅ ሆነህ በበቆሎ ጊዜ ዝንጀሮ የምትጠብቁት የት ሆናችሁ ነበር?»

«እዚሁ ነዋ። አባቴ ጎጆ ሠርቶልን ነበር፤ እዚያ፣ በእኛ በኩል።»

«እሳት የምታነዱትስ?»

«ድንጋዩ ሥር። ነፋስ ይከልልልን ነበር።»

«በእናንተ በኩል ወይስ በእኛ?»

«በእኛ በኩል እንጂ! ወደ እናንተ ማን ይሻገራል?»

«ጎሽ። ዝናብ ሲመጣስ?»

«ሮጠን ጎጆው እንገባለን።»

«እሳቱስ?»

«ዝናቡ ይመታዋላ።»

«ድንጋዩስ፣ በጋለበት ዝናብ ሲወርድበት ምን ይል ነበር?»

ባስልኤል ሳያስበው ፈገግ አለ። ፊቱ የዚያን ጊዜ ልጅ ፊት ሆነ። «ቷ! ይል ነበር። ድንጋዩ ተቆጣ፣ ድንጋዩ ተቆጣ እያልን እንስቅ...» አለና አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ቁጣ አልነበረም፣ መሰንጠቁ ነው እንጂ!» በየነች ቀሚሷን ሰብስባ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ከቆፈረው አፈር አንስታ ለአቶ ሙሴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላቸው። «ይሄ አፈር አይደለም ጋሼ። እዩት፣ ልጥ ልጥ ነው። ይሄ የድንጋዩ ቆዳ ነው።» ከዚያ በባስልኤል በኩል ያለውን የጉድጓዱን ግድግዳ በዶማው ጫፍ ፈነቀለችው። ጥቁር ነገር እየተንኮታኮተ ወረደ። ከሰል። የድሮ ከሰል፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ድርብርብ ብሎ የተቀበረ። «ድንጋይ ይበሰብሳል፣ ከሰል አይበሰብስም» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን እሳታችሁ እዚህ ተኝቶ ምስክር ሊሆን ሲጠብቀኝ ነበር።»

ዲጂኖውን አነሳች። ባስልኤል «ልቀበልሽ» ቢላት እምቢ አለች። አንዴ መታች፤ ዱብ። ደገመች፤ ዱብ። ላብ በጀርባዋ ወረደ። አንድ ሽማግሌ «ይበቃል ልጄ» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው።

ዲጂኖው ጮኸ። እንደ ደወል ጮኸ፤ እጇ እስከ ትከሻዋ ነዘራት። ከታች ወንዝ ዳር ውሃ የሚቀዱት ሳይቀሩ ቀና አሉ።

ከዚያ በኋላ ባስልኤል ራሱ ነው ዘሎ የገባው። በዶማ ሳይሆን በእጁ ነው የጫረው፤ ልጡን እያነሳ፣ አፈሩን እየጠረገ። ድቡልቡል፣ ጥቁር፣ የሰው ራስ ሦስት እጥፍ የሚያህል ድንጋይ ብቅ አለ። በየነች መውቀሪያዋን ለአቶ ሙሴ አቀበለቻቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ኳ አደረጉት፤ እንደገና ኳ አደረጉት፤ እንደ ልጅ ጣማቸው። «ይጮሃል!» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይሄ ነው።»

ከድንጋዩ ልብ እስከ ዋንዛዋ ገመድ ተወጠረ። ቡናው በሙሉ በበየነች በኩል ነው። እንዲያውም ኢዮሲያስ ቡናውን ሲተክል የጎረቤቱን ልብ እንዳያሻክር አንድ እርምጃ ወደራሱ ገብቶ ነው የተከለው። ያ እርምጃ ሁሉ የእሷ ነበር። በየነች ያን ስታይ ነው እንባዋ የመጣው። «አየኸው ኢዮሲያስ?» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት። «እንኳን ልንገፋ፣ መሬት ለቅቀን ነው የኖርነው!» አሰጋሽ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት።

ባስልኤል ከጉድጓዱ ወጥቶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል በክንዱ ያዘችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ልጅ ነበርክ፣ ድንጋዩም በሽተኛ ነበር። ግን ስሜ ሲጠፋ ሰው በጆሮው ነው የሰማው። አሁን ደግሞ ሲመለስ በዓይኑ ይየው። ቅዳሜ እቤቴ ትመጣለህ። ከግቢዬ ድንጋይ መርጬ እሰጥሃለሁ። ተሸክመህ እዚህ ታቆመዋለህ።»

«እሺ እትዬ። ይሄማ ቅርብ ነው፣ በጓሮ በኩል...»

«በጓሮ አይደለም። በገበያው በኩል።»

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከዚያ አልቻሉም። አቶ ሙሴ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ቅዳሜ የሸኮ ገበያ ጢም ብሎ ሞልቷል። በየነች ለወፍጮ ካስቀመጠቻቸው ሁሉ የበለጠውን፣ ለማንም አልሸጥም ያለችውን ድንጋይ መረጠች። ባስልኤል በትከሻው ላይ ጆንያ አነጥፎ ተሸከመው። እሷ ከፊት ነበረች። በዝንጅብሉና በእርዱ ክምር መካከል፣ በሙዙ ተራ፣ በልብስ ሻጮቹ በኩል፣ አንድም ተራ ሳትዘል አዞረችው። ሰው «ባስልኤል፣ ምንድን ነው የተሸከምከው?» ሲል፣ እንደታዘዘው ጮክ ብሎ «የድንበር ድንጋይ! እትዬ በየነች የሰጠችኝ!» ይላል። በመጀመሪያው ተራ ላይ አፍሮ ነበር። በሦስተኛው ተራ ላይ እሱም መሳቅ ጀመረ። መጇን ከየት አመጣሽው ብላ የጠየቀቻት ደንበኛዋ መንገድ ዳር ቆማ ስታያቸው በየነች በቀኝ እጇ ሰላም አለቻት።

ላይኛው ጫፍ ሲደርሱ አዲሱን ድንጋይ ከአሮጌው ልብ ላይ አቆሙት። ባስልኤል ላቡን ጠርጎ «ይሄኛውስ ስንት ዘመን ይቆያል?» አላት።

በመውቀሪያዋ ኳ አደረገችውና አዳመጠች። «አንተ እሳት ካላሞቅከው የልጅ ልጆችህም ይጨቃጨቁበታል።»

እሁድ ጠዋት የመዘምራኑ አስተባባሪ ከበር ላይ ጠበቃት። የሚለው ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ግን ሳታስጨርሰው ትከሻውን መታ አድርጋ አለፈች። ሄዳ በቦታዋ ቆመች። ሰዉን አየችው፤ ባስልኤል ከነሚስቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማይክራፎኑን አቀበሏት። ወደ ጎን አስቀመጠችውና ዘመረች፤ መጀመሪያ የሳቀው ባስልኤል ነበር።